ካንሰር ነው ተብሎ የወጣው ዕጢ

እ.ኤ.አ. በ1869 ጉስታቭ ሲሞን የተባለ ሐኪም በጀርመኗ ሃይደልበርግ ከአንዲት ሕመምተኛ አንዱን ኩላሊት አወጣ። ሴትየዋ በቀረው ኖረች። ሰው በአንድ ኩላሊት መኖር ይችላል የሚለው እውቀት ብዙ ነፍስ አትርፏል፤ ለቢላዋ እንድንቸኩልም አድርጎናል ብዬ አምናለሁ።

ዛሬ አብዛኛው የኩላሊት ዕጢ የሚገኘው ሳይታሰብ ነው። ሰውየው ለሌላ ሕመም ሲቲ ስካን ይነሣል፣ ኩላሊቱ ላይ እብጠት ይታያል፣ ቤተሰቡ እንቅልፍ ያጣል። ዕጢው ከ4 ሴንቲ ሜትር ካልበለጠ ግን ከአምስቱ አንዱ ገደማ ካንሰር አይደለም። የአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው የ2,770 ሕመምተኞች ጥናት፣ ከ1 ሴንቲ ሜትር ካነሱት ዕጢዎች 46 በመቶው ካንሰር ሆነው አልተገኙም። ይህ የታወቀው ከወጡ በኋላ ነው።

ሐኪሞቹን መውቀስ አይገባም። አንጂዮማዮሊፖማ የሚባለው ዕጢ ስብ ካለው በሲቲ ስካን ይለያል፤ ስቡ ሲያንስ ግን ካንሰር ይመስላል። ኦንኮሳይቶማ ደግሞ ከአንድ የኩላሊት ካንሰር ዓይነት ጋር በማይክሮስኮፕ ሥር እንኳ ይምታታል። በመርፌ የሚወሰድ ናሙናም አንዳንዴ መልስ ሳይሰጥ ይመለሳል።

ማሽን ለርኒንግ የገባው እዚህ ላይ ነው። ለኮምፒውተሩ መልሳቸው የታወቀ ብዙ ምስሎች ይሰጡታል፤ ምስሉን ለማድመቅ በደም ሥር የገባው መድኃኒት ዕጢው ውስጥ እንዴት ደምቆ እንደሚደበዝዝ፣ ዓይን የማይለየውን የግራጫ ልዩነት ጭምር እያነጻጸረ ይማራል። እ.ኤ.አ. በ2019 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የ300 ሕመምተኞችን ምስል አዘጋጅቶ ተመራማሪዎችን አወዳደረ፤ 210ሩን ለመማሪያ ሰጠ፣ 90ውን ለፈተና ደበቀ። ያሸነፉት የጀርመን ካንሰር ምርምር ማዕከል ሰዎች ናቸው፤ ሲሞን ቀዶ ሕክምናውን ካደረገበት ከዚያው ከሃይደልበርግ፣ ልክ በ150 ዓመቱ። ፈተናው ግን የኩላሊቱንና የዕጢውን ድንበር መለየት እንጂ የዕጢውን ምንነት መናገር አልነበረም። ከባዱ ሥራ ሁለተኛው ነው።

በዚህ ሥራ ላይ «ይህን ያህል በመቶ ልክ ነው» ሲባል ስሰማ እፈራለሁ። ከ100 ዕጢዎች 80ው ካንሰር ከሆኑ፣ ምስሉን ሳያይ ሁሉንም «ካንሰር» የሚል ማሽን 80 በመቶ ልክ ይሆናል፤ ከቢላዋ የሚያድነው ግን አንድ ሰው የለም። መጠየቅ ያለበት፣ «ካንሰር አይደለም» ብሎ ካሰናበታቸው መካከል ስንቱ ካንሰር ሆኖ እንደተገኘ ነው፤ ያውም አይቶት በማያውቀው ሆስፒታል፣ በሌላ ዓይነት ስካነር።

ከዚህ የባሰም አለ። የማሽኑ መምህር የፓቶሎጂ፣ ማለትም ዕጢው በማይክሮስኮፕ የሚመረመርበት ምርመራ ውጤት ነው፤ እሱ ደግሞ በብዛት የሚገኘው ከወጣ ዕጢ ነው። ሐኪም «እንጠብቅ» ያላቸው ሰዎች ዕጢያቸው ስላልወጣ ከትምህርቱ ይቀራሉ። ማሽኑ ሊረዳቸው የሚገባው ግን በተለይ እነሱን ነበር።

ደግነቱ ትንንሾቹ ዕጢዎች በአብዛኛው በዝግታ፣ በዓመት በጥቂት ሚሊ ሜትር ያድጋሉ። ስለዚህ ማሽኑን ዛሬውኑ ፈራጅ ማድረግ አያስፈልግም። ማን ናሙና ይሰጥ፣ ማን ከወራት በኋላ ተመልሶ ምስል ይነሣ በሚለው ላይ ለራዲዮሎጂስቱ አንድ ተጨማሪ ዓይን ቢሆን፣ ለዚያ ሕመምተኛ ትልቅ ነገር ነው።