ወፍራሙ ወይፈን ለምን ቀድሞ ይተኛል?

ልጅ ሳለሁ፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለው ማሳችን፣ አንድ ነገር አይገባኝም ነበር። አዲስ የተጠመደው ወይፈን ሽንጡ የሞላ፣ ጸጉሩ የሚያብረቀርቅ ነው። ከጎኑ የተጠመደው አሮጌ በሬ ግን የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። ረፋድ ላይ ትልም ውስጥ የሚተኛው ወይፈኑ ነው። አባቴ ቀንበሩን ያወርድለትና «ጉልበት አላጣም፣ አልለመደም እንጂ» ይለኛል።

የነገሩን ምክንያት ያወቅሁት የእንስሳት ፊዚዮሎጂ ስማር ነው። ጡንቻ የቀጫጭን ክሮች ጥቅል ነው። ፈጣኖቹ ክሮች ባንዴ ብዙ ኃይል አውጥተው ቶሎ ይዝላሉ፤ ዝግተኞቹ በኦክስጅን ስብና ስኳር እያቃጠሉ ይውላሉ። ዶሮ ስንበልት አይተነዋል፦ ብዙም የማትበርበት የደረቷ ሥጋ ነጣ ያለ ነው፣ ቀኑን ሙሉ የምትቆምበት የእግሯ ሥጋ ደግሞ ጠቆር ያለ። የሚያጠቁረው ኦክስጅን የሚይዘው ሚዮግሎቢን ነው።

በሬ ለረጅም ሰዓት የሚስበው ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ነው። ይህን ለመሳብ ጉልበቱ ይበቃዋል፤ ፈተናው ሳያቋርጡ መሳቡ ነው። ስለዚህ ወይፈኑ ያጠረው ውፍረት አይደለም። ያጠረው በየክሩ ውስጥ ያለው ሚቶኮንድሪያ ነው፤ ምግብን በኦክስጅን አቃጥሎ ጉልበት የሚያደርገው ጥቃቅን ምድጃ። እ.ኤ.አ. በ1967 አሜሪካዊው ጆን ሆሎዚ አይጦችን ለሳምንታት በመሮጫ ማሽን ላይ አስሮጠ። የእግር ጡንቻቸው ኦክስጅን የመጠቀም አቅም በእጥፍ ገደማ አደገ። እንዲህ ያለ ሥራ ጡንቻን ብዙም አያወፍርም፤ ምድጃውን ያበዛል፣ በክሮቹ ዙሪያ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ይዘረጋል፣ ቶሎ የሚዝሉት ክሮችም ጽናት ይማራሉ።

የሚያሳስበኝ ግን ይህ ነው፦ የተገኘው አቅም በእረፍት ይጠፋል፣ ያውም በሳምንታት። ጤፉ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ በሬዎቻችን ጭድ እየበሉ ወራት ይቆማሉ። ከዚያ የመጀመሪያው ዝናብ ይጥልና ዓመቱን ሙሉ ከሚታረሰው ሁሉ የከበደውን መሬት እንዲገምሱ እንጠምዳቸዋለን። በደከሙበት ሰዓት ከባዱን ሥራ መስጠት ነው! በመጀመሪያው ሳምንት ማልዶ ጠምዶ ቶሎ መፍታት፣ ከዚያ ቀን በቀን ጥቂት ጥቂት መጨመር፤ ጡንቻው የሚጠይቀው ይህንን ጊዜ ነው። ጭዱ ላይ ትንሽ ድርቆሽ ቢጨመርማ እንዴት መልካም ነበር።

አባቴ በግምሳ ወቅት ፀሐይ ሳትከርር ይፈታቸው ነበር። ጎረቤቶች ገና እያረሱ እኛ በሬዎቹን ወደ ውኃ ስንነዳ አፍር ነበር። ሐምሌ ላይ፣ ማሳው ለጤፍ ሲለሰልስ፣ ያ ወይፈን ከአሮጌው እኩል እየተራመደ ውሎ ይገባል።