«ፊልሙ እንዴት ነበር?»

ቅዳሜ ማታ ከሲኒማ ቤት የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ «እንዴት ነበር?» የሚል ነው። መልሱም አጭር ነው። «አሪፍ ነው፣ ግባ።» «ተወው ባክህ፣ ብርህን አታቃጥል።» «አጀማመሩ ይደብራል፤ መጨረሻው ግን ይክስሃል።» እንዲህ ብሎ የሚመልሰው ሰው የፊልም ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ስለ ካሜራ አቀማመጥም ሆነ ስለ ኤዲቲንግ ብትጠይቁት ትከሻውን ይሰብቃል። የትኬቱን ከኪሱ ከፍሎ፣ ሁለት ሰዓት ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ፣ የተሰማውን ይናገራል፤ በቃ። በመቶ ሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር የፊልም ገንዘብ የሚነሳውና የሚወድቀው ግን በዚህች አጭር መልስ ነው።

በቅርቡ የወጡ ሁለት ፊልሞች ይህን በደንብ ያሳያሉ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

የመጀመሪያው በኦክቶበር 2024 የወጣው «ጆከር፦ ፎሊ አ ዱ» ነው። በ2019 የወጣው ክፍል አንድ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቶ ለዋኪን ፊኒክስ የኦስካር ሽልማት አስገኝቷል። ክፍል ሁለት ሲመጣ ሰው ያንኑ ቁጣ፣ ያንኑ ጨለማ ጎዳና ጠብቆ ገባ። ያገኘው ግን ብዙ ጊዜውን ፍርድ ቤት ውስጥ የሚያሳልፍ፣ ገጸ ባሕርያቱ በየመሐሉ የሚዘፍኑበት ፊልም ነው። በመክፈቻው ምሽት የአሜሪካ ተመልካቾች የሰጡት ውጤት «ዲ» ነበር፤ ከኮሚክ መጽሐፍ ለተሠራ ፊልም እስከዚያ ቀን ታይቶ የማይታወቅ ዝቅተኛ ነጥብ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ የአሜሪካ ገቢው በ81 በመቶ አሽቆለቆለ። ወደ 200 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ወጪ የተደረገበት ሥራ በመላው ዓለም የሰበሰበው ከዚያ እምብዛም አይበልጥም፤ ከዚያ ላይ ደግሞ ግማሽ ያህሉን ሲኒማ ቤቶቹ ይወስዱታል።

ሁለተኛው በኤፕሪል 2025 የወጣው የራያን ኩግለር «ሲነርስ» ነው። የማንም ፊልም ክፍል ሁለት አይደለም፤ ከመጽሐፍም ከጨዋታም አልተቀዳም። በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ 48 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ። አንድ ትልቅ ፊልም በሁለተኛው ሳምንት ግማሽ ያህል ገቢውን ቢያጣ ማንም አይደነቅም። «ሲነርስ» ግን በሁለተኛው ሳምንት ወደ 46 ሚሊዮን ዶላር ሰበሰበ። አልቀነሰም ማለት ይቻላል። የመክፈቻ ምሽት ተመልካቾች ለዚህ ፊልም የሰጡት ነጥብ «ኤ» ነበር።

የሁለቱ ልዩነት ከየት መጣ? ማስታወቂያ ሰውን ሲኒማ ቤት ማስገባት የሚችለው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ከሰኞ ጀምሮ ፊልሙን የሚሸጠው ያየው ሰው ነው፤ በቢሮ፣ በታክሲ፣ በስልክ። ያ ሰው ዝም ካለ ወይም «ተወው» ካለ፣ የፈለገውን ያህል ቢለጠፍ ፖስተር አያድነውም።

እነዚያ የፊደል ነጥቦች ከየት እንደሚመጡ ማወቅ ደስ ይላል። ታሪኩ የሚጀምረው በ1978 ነው። ኤድ ሚንትዝ የሚባል ሰው ከባለቤቱ ጋር ሆኖ በኒል ሳይመን የተጻፈውንና ፒተር ፎክ የሚተውንበትን «ዘ ቺፕ ዲቴክቲቭ» የተሰኘ አስቂኝ ፊልም ለማየት ይገባል። የሳይመን አድናቂ ስለነበር ብዙ ጠብቆ ነበር፤ አልጣመውም። ሲወጡም ሌላ ተመልካች «የሃያሲ ሳይሆን እንደኛ ያለ ሰው ምን እንዳለ ባውቅ ኖሮ» የሚል ቁጭት ሲያሰማ ይሰማል። ሲኒማስኮር የሚባለው ድርጅት የተወለደው ከዚህ ነው። መቀመጫውም ላስ ቬጋስ ሆነ።

አሠራሩ እስከ ዛሬ ድረስ የሚገርም ቀላልነት አለው። ዓርብ ማታ በጥቂት የአሜሪካ ከተሞች የድርጅቱ ሰዎች አዲስ ፊልም የሚታይባቸው ሲኒማ ቤቶች በር ላይ ይቆማሉ። ለተመልካቹ መዳፍ የማትሞላ ካርድ ይሰጡታል። እስክሪብቶ አያስፈልግም። በካርዷ ጠርዝ ላይ የሚታጠፉ ትናንሽ ቁራጮች አሉ፤ ፊልሙን ከ«ኤ» እስከ «ኤፍ» ስንት ትሰጠዋለህ፣ ዕድሜህ ስንት ነው፣ ወንድ ነህ ሴት፣ ምን ስቦህ መጣህ፣ ተዋናዩ ነው ወይስ የፊልሙ ዓይነት? መልስህ ያለበትን ታጥፋለህ፣ ትመልሳለህ፣ ትሄዳለህ። ሚንትዝ ይህን ዘዴ ያገኘው ከምኩራብ ነው። በዮም ኪፑር፣ በአይሁድ የስርየት ቀን፣ የእምነቱን ሕግ የሚያጠብቁ ምእመናን አይጽፉም፤ ስለዚህ ስጦታ የሚገቡት የካርድ ጠርዝ በማጠፍ ነበር። ለአንድ ፊልም 400 ገደማ ካርድ ይሰበሰባል። የዚያኑ ሌሊት ውጤቱ የስቱዲዮ አለቆች ጠረጴዛ ላይ ነው።

ታዲያ ይህች ካርድ የምትለካው ምንድን ነው? ብዙ ሰው የፊልሙን ጥራት ይመስለዋል። ነገሩን ቀረብ ብሎ ላየው ግን የምትለካው ቃል መጠበቅን ነው። ተመልካቹ ትሬለሩን አይቶ፣ ፖስተሩን አይቶ፣ የተዋናዩን ስም ሰምቶ አንድ ነገር ይጠብቃል። የጠበቀውን ካገኘ «ኤ» ይሰጣል። ሌላ ነገር ከቀረበለት፣ ያ ሌላ ነገር የቱንም ያህል የተዋጣ ቢሆን ይቆጣል።

የዳረን አሮኖፍስኪ «ማዘር!» ለዚህ ዋና ምስክር ነው። በ2017 ሲወጣ እንደ አስፈሪ ፊልም ነበር የተሸጠው። ጄኒፈር ሎውረንስ ገለል ባለ ቤት ከባሏ ጋር ትኖራለች፤ ያልተጠሩ እንግዶች ይመጣሉ፣ አይሄዱም፣ ይበዛሉ፣ ቤቱን ያፈርሱታል። ዳይሬክተሩ በውስጡ የፍጥረትንና የመጽሐፍ ቅዱስን ምሳሌ ሸሽጎበት ነበር። ዓርብ ማታ ለመደንገጥ የመጣው ሰው «ኤፍ» ሰጥቶት ወጣ። የፊልም ዳይሬክተር ማርቲን ስኮርሴዚ ያኔ ብዕሩን አንሥቶ ለፊልሙ ጥብቅና ቆመ፤ ፊልምን እንደ ሸቀጥ በፊደልና በመቶኛ መመዘን ሠሪውን እንደሚያዋርድም አጥብቆ ጻፈ። ስኮርሴዚ እውነት አለው። ተመልካቹም ግን አልዋሸም። ምሳ ብሎ ገብቶ መድኃኒት የቀረበለት ሰው፣ መድኃኒቱ ምርጥ ቢሆንም፣ መራቡን መናገር መብቱ ነው። ጥፋቱ ያለው ምግብ ቤት ብሎ በለጠፈው ሰው ዘንድ ነው።

ይህ ቅሬታ ፍርድ ቤት ድረስ የደረሰበት ጊዜም አለ። በ2011 ሚሺጋን ውስጥ አንዲት ተመልካች «ድራይቭ» የተባለው የራያን ጎስሊንግ ፊልም በትሬለሩ የመኪና እሽቅድድም ቃል ገብቶ ሲያበቃ መኪናው እምብዛም አይሮጥም ብላ ከሰሰች። በ2022 ደግሞ ሁለት ሰዎች «የስተርደይ» የተሰኘውን ፊልም እያንዳንዳቸው በ3 ዶላር ከ99 ሳንቲም ተከራይተው፣ በትሬለሩ ላይ ያዩአት አና ዴ አርማስ ፊልሙ ውስጥ የለችም ብለው ስቱዲዮውን ፍርድ ቤት አቆሙ። እውነትም ክፍሏ ተቆርጦ ወጥቶ ነበር። ከሳሾቹ ኋላ ላይ ባይቀናቸውም፣ ዳኛው በመሐል ትሬለር እንደማንኛውም የንግድ ማስታወቂያ በሐሰተኛ ማስታወቂያ ሕግ ሊጠየቅ ይችላል ብሎ ወስኗል። ለተራው ተመልካች ትልቅ ነገር ነው።

ደግሞም ዝቅተኛ ነጥብ ሁልጊዜ ሞት አይደለም። የ2018ቱ አስፈሪ ፊልም «ሄሬዲታሪ» ከመክፈቻ ተመልካቾቹ ያገኘው «ዲ ፕላስ» ነበር፤ በ10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሠርቶ ከ80 ሚሊዮን በላይ አስገብቷል፣ ዛሬም ስሙ ይነሳል። በ1994 የወጣው «ዘ ሾሻንክ ሪደምፕሽን» ደግሞ ሲኒማ ቤት በነበረበት ጊዜ ወንበሩ ባዶ ነበር። ካሴት ተከራይተው፣ በቴሌቪዥን አይተው፣ ለወዳጅ «ይሄን ሳታይ እንዳትሞት» ያሉ ሰዎች ናቸው ቀስ በቀስ በዓለም ላይ በተራ ተመልካቾች ድምፅ ከፍተኛ ነጥብ ካላቸው ፊልሞች ፊት ያቆሙት። የዓርብ ማታ ፍርድ ይግባኝ አለው፤ ይግባኙን የሚሰማውም ያው ተመልካች ነው።

ሃያሲና ተመልካች የሚለያዩበትን ርቀት ማየት የሚፈልግ «ሮተን ቶሜቶስ» የተባለውን ገጽ ይከፍታል። በ1998 የበርክሊ ተማሪ የነበረው ሴን ዱዎንግ የጀመረው ነው፤ ለጃኪ ቻን ፊልሞች ያለው ፍቅር ነው ያነሣሣው። በአንድ ወገን የሃያሲያን መቶኛ፣ በሌላ ወገን የተመልካች መቶኛ ይቀመጣል። የ2023ቱ የ«ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» አኒሜሽን ከሃያሲያን 60 እንኳ አልሞላም፤ ከተመልካች 95 አገኘ። ገቢው ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ሃያሲው ታሪክ አጣበት፤ የስምንት ዓመት ልጁን ይዞ የገባው አባት ግን የራሱን ልጅነት አገኘበት። ሁለቱም ያዩት እውነት ነው።

የተመልካች ድምፅ ተብሎ የሚቀርብ ሁሉ ግን የተመልካች አይደለም። በ2019 «ካፕቴን ማርቭል» ገና ሳይወጣ ፊልሙን ያላዩ ሰዎች ተደራጅተው ሊጥሉት በመሞከራቸው፣ ገጹ ከዚያ ወዲህ ትኬት መግዛታቸው የተረጋገጠላቸውን ለይቶ መቁጠር ጀመረ። በር ላይ ቆሞ ካርድ የሚሰጠው አሮጌ ዘዴ እስከ ዛሬ የሚታመነውም ለዚህ ነው፤ ያላየ ሰው ከዚያ በር አይወጣም።

ለኢትዮጵያውያን ቀረብ ያለ ምሳሌም አለ። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ቶሮንቶ የተወለደው አቤል ተስፋዬ፣ ዓለም ዘ ዊክንድ የሚለው፣ በሜይ 2025 «ሃሪ አፕ ቱሞሮው» በተሰኘ ፊልም ላይ ራሱን የመሰለ ዘፋኝ ሆኖ ተውኗል። መነሻው በ2022 ሎስ አንጀለስ አቅራቢያ በሚገኝ ስታዲየም መድረክ ላይ ድምፁ የጠፋበት ምሽት ነው። ፊልሙ በወጣበት በጋ ኮንሰርቶቹ ስታዲየም ይሞሉ ነበር፤ ፊልሙ ግን ከተመልካች «ሲ ማይነስ» አግኝቶ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በታች ሰብስቦ ወረደ። ዘፋኙን የሚወድ ሰው ዘፈን ለመስማት ነው የሚመጣው፤ የደከመ ነፍስን የሚመረምር ቀዝቃዛ ፊልም ሲቀርብለት ወዳጅነቱ ብቻውን አያስቀምጠውም። የአቤል ድፍረት ግን ክብር ይገባዋል።

በተቃራኒው ደግሞ «ድፍረት» የተሰኘው ፊልም አለ። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም በ2014 ሰንዳንስ ፌስቲቫል ሲቀርብ ዳኞች በዝግ ተሰብስበው የሰጡት ሽልማት አልነበረም ያገኘው፤ ከየአዳራሹ የወጡ ሰዎች ድምፅ ሰጥተው የተመልካች ሽልማትን ሸለሙት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በርሊን ላይም የተመልካች ሽልማት ደገመ። ስለ ጠለፋና ስለ አንዲት የገጠር ልጅ የሚናገር የአማርኛ ፊልም ነው። ቋንቋውን በንኡስ ጽሑፍ የሚከታተል ሰው ነው የመረጠው። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሲል፣ ሰዉ ወንበሩን ይዞ ሳለ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ መቆሙን ያስታወሰ ሰው፣ ፊልም ማየት ብቻውን ለተመልካች ትልቅ መብት እንደሆነ ይገባዋል።

«ሲነርስ»ን ያዩ ሰዎች ለጓደኛ ሲያወሩ አንድ ትዕይንት ሳይጠቅሱ አያልፉም። ዘመኑ 1932፣ ቦታው ሚሲሲፒ ነው። ማይክል ቢ. ጆርዳን መንትያ ሆኖ የሚተውናቸው ሁለት ወንድማማቾች አሮጌ የእንጨት መሰንጠቂያ ገዝተው የጭፈራ ቤት ከፍተዋል። የሰባኪ ልጅ የሆነው ወጣት ዘመዳቸው ጊታሩን አንሥቶ ብሉዝ መዝፈን ሲጀምር፣ ከሚጨፍረው ሰው መሐል ያለፉትና የሚመጡት ይገባሉ፤ የአፍሪካ ከበሮ መቺ፣ የኤሌክትሪክ ጊታር ተጫዋች፣ ዲጄ። ካሜራው የተቋረጠ ሳይመስል በመሐላቸው ይዞራል፤ ጣራው ይቃጠላል። ሃያሲ ስለዚህ ትዕይንት ገጽ ሙሉ ይጽፋል። ተራው ተመልካች «ያቺ የዘፈኗ ቦታ!» ይልና እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል፤ የሰማውም ትኬት ይቆርጣል።

ታሪኩ የተቀመጠበት ክላርክስዴል፣ የብሉዝ ሙዚቃ ከተወለደባቸው ስፍራዎች አንዷ የሆነችው ትንሽ ከተማ፣ ሲኒማ ቤት የላትም። ፊልሙ በመላው አሜሪካ ሲወራለት የክላርክስዴል ሰው ለማየት ረጅም መንገድ መንዳት ነበረበት። ነዋሪዎቹ ለስቱዲዮውና ለዳይሬክተሩ ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ፤ ስለ እኛ የተሠራውን እኛው እንየው አሉ። በሜይ 2025 መጨረሻ የከተማው አዳራሽ ውስጥ ስክሪንና ድምፅ ማጉያ ተተከለ፣ ፊልሙም በነጻ ታየ። ኩግለር ራሱ መጥቶ ነበር። ሌላ ቦታ ሁሉ ተመልካች የሚጠየቀውን «እንዴት ነበር?» የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው አሁን የክላርክስዴል ሰው ሆነ።