ስለ ምግብ መውደድና መጥላት

በዓለም ላይ የሚኖሩ ሕዝቦች ሁሉ ለመኖር መብላት ግዴታቸው ሲሆን፣ የሚወዱትና የሚጸየፉት ምግብ ግን እንደየአገሩ የተለያየ ነው። አንዱ ሕዝብ ለክቡር እንግዳ የሚያቀርበውን ሌላው ሊያየው እንኳ አይፈቅድም። ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም። ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ተጓዥ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ ሁለት ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ ያየውን ሲናገር፣ የለንደን ሰዎች ብዙውን ነገር አላመኑለትም። ይልቁንም መሳቂያ ያደረጉት፣ በሐበሻ አገር ሰው ጥሬ ሥጋ ይበላል ያለውን ነው። የሚያስገርመው ግን እነዚያው የለንደን ሰዎች ኦይስተር የተባለውን የባሕር እንስሳ ከነሕይወቱ ከዛጎሉ እየመጠጡ ይበሉ ነበር።

እኛም ለትምህርት ወደ ሆላንድ አገር በሄድንበት ጊዜ ይህንኑ በራሳችን ላይ አየነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሰማያዊ ሻጋታ እንደ ደም ሥር የተዘረጋበት አይብ ቀረበልን። በእናታችን ቤት የሻገተ እንጀራ ከሌማት ወጥቶ ይጣል ስለ ነበር፣ ሽታውን ስናሸት ሆዳችን ተገላበጠ። (በኋላ እንደ ተማርነው፣ በአይቡ ላይ ያለው ሻጋታ ተመርጦ ሆን ተብሎ የሚዘራ ነው፤ በእንጀራ ላይ የሚበቅለው ግን ያልተመረጠ ስለ ሆነ፣ ከመካከሉ መርዝ የሚያወጣ ሊገኝበት ይችላል። ስለዚህ የእናታችን ፍርድ ትክክል ነበረ።) በአንጻሩ አንድ የሆላንድ ተወላጅ ጓደኛችን እንጀራ በወጥ ስናቀርብለት በመጀመሪያው ቀን ኮምጣጣነቱን ሊችለው አልቻለም፤ በሁለተኛው ጥቂት ቀመሰ፤ በሦስተኛው ጊዜ ሳንጠራው መጣ።

የምግብ መውደድ እንዲህ በልማድ የሚገኝ ነገር ነው። ልማዱም የሚጀምረው ሰው ከመወለዱ በፊት ነው፤ ነፍሰ ጡር እናት የምትበላው ምግብ ጣዕም በእንሽርት ውሃው፣ ከወለደችም በኋላ በጡቷ ወተት በኩል ለሕፃኑ እንደሚደርስ ተረጋግጧል። ጎመን የማይነካ ልጅም ቢሆን፣ ያለ ቁጣና ያለ ማስገደድ ደጋግመው ቢያቀርቡለት፣ ብዙውን ጊዜ ስምንት ወይም ዐሥር ጊዜ ከቀመሰ በኋላ ይለምደዋል። በአንድ ቀን ሙከራ ተስፋ የሚቆርጡ ወላጆች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው።

ከጥንት ጀምሮ የእኛ ነው የምንለው ጣዕምም ቢሆን ሁሉም ጥንታዊ አይደለም። ያለ በርበሬ ወጥ የሚሠራ የጎንደር ባለሙያ አትገኝም፤ ነገር ግን የበርበሬ ተክል የመጣው ከአሜሪካ ክፍለ ዓለም በመሆኑ፣ የአክሱምና የላሊበላ ነገሥታት አያውቁትም ነበር። ዛሬ የዳባትና የደባርቅ ገበሬ የሚያመርተው ድንችም የዚያው ክፍለ ዓለም ተክል ሲሆን፣ ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ ያስገባው ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፀዋት ዐዋቂ እንደ ሆነ ይነገራል። ፓስታ ደግሞ ጎንደርን ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ይዞ ከነበረው ከጣሊያን ጦር ጋር መጣ። ጠላት ተባሮ ሄደ፤ ምግቡ ግን ቀረና ዛሬ በጾም ቀን በቲማቲም ስልስ ይበላል።

በሃይማኖት ሥርዓት የተከለከለውን በዚህ ጽሑፍ አንነካም፤ ያ የእያንዳንዱ ሰው እምነት ነው። እኛ ልንናገር የምንፈልገው፣ መጸየፍም መውደድም በራሱ የጤና ሚዛን አለመሆኑን ነው። ይህንንም የተማርነው በመጽሐፍ ሳይሆን በኀፍረት ነው።

ከትምህርት በተመለስን በመጀመሪያው ዓመት በአንድ የሠርግ ድግስ ላይ ተጠርተን፣ የሆላንድ ሰዎች ሄሪንግ የተባለውን ዓሣ ሳይበስል በሽንኩርት ነክረው፣ በጅራቱ አንጠልጥለው እንዴት እንደሚበሉ፣ እኛም እንደ ለመድነው ለጎረቤቶቻችን እያጫወትን ነበር። ወዲያው ብርንዶው ቀረበ። እኛም አንበላም ማለቱ ሳይበቃን፣ ጥሬ ሥጋ መብላት ኋላ ቀርነት ነው ብለን በሰው ሁሉ ፊት ዲስኩር አሰማን። ባለ ድግሱ ሽማግሌ ቢላዋቸውን አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ በሰው አገር ጥሬ ዓሣ በላሁ ያልከን አሁን አይደለም እንዴ? የፈረንጅ ጥሬ ንጹሕ፣ የወገንህ ጥሬ ቆሻሻ የሆነው በምን ምክንያት ነው?» አሉን። ሰዉ ሳቀ። እኛም መልስ አጣን።

መልሱ ግን ነበረ። የሆላንድ ሄሪንግም ትል ነበረበት። ይህ አኒሳኪስ የተባለ ትል በበሉት ሰዎች ሆድ ውስጥ ብርቱ ቁርጠት እንደሚያመጣ የሆላንድ ሐኪሞች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ገለጡ። መንግሥታቸውም በ1968 ዓሣው ከመሸጡ በፊት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ ለ24 ሰዓት እንዲቆይ በሕግ አዘዘ። ሕዝቡ ዓሣውን መብላት አልተወም፤ ማንም ኋላ ቀር ብሎ አልሰደበውም፤ ትሉ ብቻ ሞተ።

የእኛ ብርንዶም እንዲሁ ሊታሰብ ይገባዋል። የኮሶ ትል የሚኖረው በሰው አንጀት ውስጥ ነው፤ ርዝመቱም ብዙ ሜትር ይደርሳል። ከጫፉ የሚበጠሱት ነጫጭ ቁራጮች በእንቁላል የተሞሉ ናቸው። ሰው በሜዳ ሲጸዳዳ እንቁላሉ በሣሩ ላይ ይበተናል፤ በሬው ሣሩን ሲግጥ ይውጠዋል፤ ከአንጀቱም ወጥቶ በሥጋው ውስጥ እንደ ሩዝ ፍሬ ያለች ነጭ ከረጢት ሆኖ ይቀመጣል። ያንን ሥጋ ሳይበስል የበላ ሰው ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ ትሉ በሆዱ ውስጥ ያድግበታል። እዚህ ላይ መምህራን ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው፣ ትሉ ለአካለ መጠን የሚደርስበት ማደሪያ ሰው ብቻ መሆኑን ነው። በሬው ሰውን ከማስያዙ በፊት ሰው በሬውን አስይዞታል። ስለዚህ አንድ የመጸዳጃ ጉድጓድ ብዙ በሬዎችን ያድናል።

አባቶቻችን ትሉን በመድኃኒቱ ስም መጥራታቸው ደግሞ የቱን ያህል እንደ ለመዱት ያሳያል። የኮሶ ዛፍ የሴቴውን አበባ አድርቀውና ወቅጠው በባዶ ሆድ ይጠጡት ነበር፤ እንግዳ መቀበል ያልፈለገ ጌታም «ኮሶ ጠጥተዋል» ቢባልለት ማንም አይቀየመውም። የአበባው መድኃኒትነት እውነት ነው፤ ነገር ግን መጠኑ የማይታወቅ ስለ ሆነ ብርቱ ትውከትና ድካም ያመጣል፤ ነፍሰ ጡር ሴትንም ሊያስወርዳት ይችላል። ዛሬ በጤና ጣቢያ የሚሰጡት ፕራዚኳንቴልና ኒክሎሳማይድ ሳያሰቃዩ ትሉን ያስወግዱታል።

አረቄ፣ ሚጥሚጣ፣ አዋዜና ሎሚ ትሉን ይገድሉታል የሚለው ወሬ ግን ከንቱ ነው። ለብለብ የተደረገ ክትፎም ከጥሬው እምብዛም አይሻልም፤ ሥጋው እስከ መካከሉ ቀይነቱን እስኪለቅ መብሰል አለበት። ጥሬውን ካልተውኩ የሚል ሰው ቢያንስ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ በሆነ ማቀዝቀዣ ለ10 ቀን ያቆየው፤ መብራት ጠፍቶ ከቀለጠ ቀኑን እንደ ገና ከአንድ ይቁጠር። በቄራ የታረደው ከብት ምላሱ፣ የመንጋጋው ሥጋና ልቡ ተሰንጥቆ ይመረመራል፤ በየሰፈሩ ለቅርጫ የሚታረደው ግን ይህን ምርመራ ሳያይ በየቤቱ ይገባል። ምርመራውም ቢሆን ጥቂቱን ትል ሊስተው ስለሚችል የማብሰልን ቦታ አይተካም። ታሞ ወይም በድንገት የሞተን ከብት ደግሞ አብስሎም ሆነ ጥሬውን መብላት፣ ቆዳውንም መግፈፍ ፈጽሞ አይገባም፤ አባ ሰንጋ የሚይዘው በዚህ መንገድ ነውና።

መምህራን ይህን በክፍል ሲያስተምሩ፣ የተማሪውን አባት ገበታ እንዳይነቅፉ እንለምናቸዋለን። ልጅ በአባቱ ማዕድ እንዲያፍር ካደረግነው ትምህርቱን እንጂ ብርንዶውን አይተውም።

እኒያን ሽማግሌ ከሁለት ዓመት በኋላ በጥምቀት በዓል ቤታቸው ተጠርተን አገኘናቸው። በሬውን ቄራ ወስደው አሳርደው ነበር። ብርንዶው እንደ ወትሮው ተሰቅሏል፤ በእኛ ፊት ግን በደንብ የበሰለ ጥብስ አስቀመጡና፣ «ይህ የአንተ ነው፤ እኔ ገና ነኝ» አሉን። ከልጅ ልጆቻቸው ሁለቱ ግን መጥተው ከእኛ ሳህን ይበሉ ጀመር፤ ሽማግሌውም እያዩ ዝም አሉ።