ቢሉ ሲያሻቅብ ምርመራው ከቆጣሪው ይጀምር

የመብራት ቢል ከለመዱት ሁለት ሦስት እጥፍ ሆኖ ሲመጣ በየቤቱ የሚሰማው ንግግር ይመሳሰላል። አንዱ ቆጣሪው ተበላሽቷል ይላል፤ ሌላው ጎረቤት መስመር ሳይቀጥልብን አልቀረም ብሎ ይጠረጥራል፤ ልጆች ደግሞ አምፖል ሳያጠፉ በመተኛታቸው ይወቀሳሉ። ከእነዚህ አንዱ እውነት ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ የሚለይበት መሣሪያ ግን እደጅ ተሰቅሎ ሳለ ሰው በግምት ይካሰሳል፤ ተከራይና አከራይ ይቀያየማሉ፤ መሥሪያ ቤቱም ዘንድ የሚቀርበው አቤቱታ ማስረጃ የሌለው ምሬት ሆኖ ይቀራል። ምርመራው መጀመር ያለበት ከቆጣሪው ነው፤ አብዛኛውንም መንገድ ማንኛውም ሰው ያለ ባለሙያ ሊሄድበት ይችላል።

ቆጣሪ የሚመዘግበው ዕቃዎች የሚስቡትን ጉልበት ከሠሩበት ጊዜ ጋር አባዝቶ ነው። 1,000 ዋት የሚስብ ዕቃ አንድ ሰዓት ሲሠራ 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጠራል። በብዙ አሮጌ ቤቶች ዛሬም የሚታየው ባለ ዲስኩ ቆጣሪ ሥሩ እ.ኤ.አ. በ1889 ኦቶ ብላቲ የተባለው የሃንጋሪ መሐንዲስ በቡዳፔስቱ ጋንዝ ፋብሪካ ከሠራው መሣሪያ ይመዘዛል። በውስጡ ሁለት ጥቅል ሽቦዎች አሉ፤ አንዱ ለቮልቴጁ፣ ሌላው ቤቱ ለሚስበው ኮረንቲ። ሁለቱ በጋራ የሚፈጥሩት መግነጢሳዊ ኃይል የአልሙኒየሙን ዲስክ ያዞረዋል፤ አንድ ቋሚ ማግኔት ደግሞ ፍጥነቱን እየገታ ከፍጆታው ጋር እኩል እንዲሄድ ያደርገዋል። በአዲሶቹ ዲጂታል ቆጣሪዎች ላይ የዲስኩን ቦታ ብልጭ የምትል ትንሽ መብራት ወስዳለች። ፊቱ ላይ ለ1 ኪሎ ዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራ ተጽፏል። 1,600 የሚል ከሆነ፣ 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ ምጣድ ብቻውን ሲሠራ በሁለት ሴኮንድ ሦስት ጊዜ ያህል ብልጭ ትላለች። ይህን ያወቀ ሰው አንድ ዕቃ ስንት እንደሚበላ በእጅ ሰዓቱ መለካት ይችላል።

መጀመሪያ የሚጣራው ንባቡ ነው። ቢሉ ላይ የሰፈረው የመጨረሻ ንባብ ዛሬ ቆጣሪው ላይ ካለው ቁጥር የሚበልጥ ከሆነ ስህተቱ በንባቡ ወይም በምዝገባው ላይ ነው፤ ፍጆታ ወደ ኋላ አይሄድም። በባለ ዲስኩ ቆጣሪ ላይ ከነጠላ ሰረዝ በኋላ ያለው ወይም በቀይ የተከበበው ቁጥር አስረኛ ክፍልፋይ ነው፤ እሱን እንደ ሙሉ ቁጥር ማንበብ ንባቡን አሥር እጥፍ ያደርገዋል። ዲጂታሉ በየተራ ብዙ ቁጥሮችን ስለሚያሳይ የሚፈለገው ጠቅላላ ፍጆታው ነው፤ በብዙዎቹ ላይ 1.8.0 የሚል መለያ አለው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ ቆጣሪዎች በአንድ ቦታ ተደርድረው ስለሚሰቀሉ የአንዱ ቤት ቢል በሌላው ቆጣሪ ሲሰላ ሊኖር ይችላል። ማጣሪያው ቀላል ነው፤ የቤቱን ዋና ብሬከር አጥፍቶ ቢሉ ላይ ቁጥሩ የተጻፈው ቆጣሪ መቆሙን ማየት።

ይኸው ማጥፋት ስርቆትንና ብልሽትንም ይለያል። ብሬከሩ ጠፍቶ ቆጣሪው መቁጠሩን ከቀጠለ ከቆጣሪው እስከ ብሬከሩ ባለው መስመር ላይ የተቀጠለ ወይም የተላጠ ሽቦ አለ፤ ካልሆነ ቆጣሪው ራሱ ችግር አለበት። ዲስኩ ጥቂት ተንቀሳቅሶ ቢቆም አያሳስብም፤ ሙሉ ዙር ደጋግሞ ከዞረ ግን ያሳስባል። ብሬከሩ ተመልሶ፣ ዕቃው ሁሉ ከሶኬት ተነቅሎ፣ የውሃ ማሞቂያውም ጠፍቶ መቁጠሩ ካላቆመ ጥርጣሬው ወደ ቤቱ የውስጥ መስመር ይዞራል። ያን ጊዜ ትናንሾቹን ብሬከሮች አንድ በአንድ እያጠፉ በየትኛው እንደሚቆም ማየት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው፤ ሽቦ ለመክፈት መድፈር ለሕይወት ያሰጋል።

ንባቡም መስመሩም ደህና ከሆነ ፍጆታው እውነተኛ ነው ማለት ነው፤ እዚህ ላይ ወቀሳው ብዙ ጊዜ ያለቦታው ያርፋል። 10 ዋት የሚስብ ኤልኢዲ አምፖል ወሩን ሙሉ ሌትና ቀን ቢበራ 7.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው የሚፈጀው። ምጣድ በአንድ የሁለት ሰዓት ጋገራ ብቻ 7 ይፈጃል፤ በሳምንት ሁለቴ የሚጋገርበት ቤት በወር 60 ገደማ ይደርሳል። 80 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ 3.7 ያህል ያስፈልጋል፤ በየቀኑ ሲሆን በወር ከ110 ያልፋል። የቤት ቢል የሚወሰነው በሙቀት ነው። ስለዚህ ያልተጠበቀ ጭማሪ ሲመጣ ከአምፖሉ በፊት የሚታየው የውሃ ማሞቂያው ነው፤ ቴርሞስታቱ ተበላሽቶ ማቋረጥ አቅቶት፣ ወይም የሙቅ ውሃ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ከርሞ ሊሆን ይችላል። የኃይል መዳከምም አለ። ብዙ ሰው ቮልቴጅ ሲወርድ ቢሉም የሚቀንስ ይመስለዋል። 220 መሆን የነበረበት ቮልቴጅ ወደ 180 ሲወርድ የምጣዱ ጉልበት ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል፤ ሸክላው ለመጋል ይዘገያል፣ እስኪግልም ሙቀቱን ለአየሩ ሲበትን ይቆያል። ለዚያው ቁጥር እንጀራ የሚከፈለው እንዲያውም ይበልጣል።

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው “ፍጆታዬ ጥቂት ቢጨምር ነው፤ ቢሉ ለምን እጥፍ ሆነ?” ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ታሪፉ ውስጥ ነው። የኢትዮጵያ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተከፈለ ነው፤ እስከ 50፣ እስከ 100፣ እስከ 200 እያለ ከ500 በላይ ይደርሳል። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአራት ዓመት ማስተካከያ ሲጠናቀቅ የመጀመሪያው እርከን ዋጋ በ1 ኪሎ ዋት ሰዓት 27 ሳንቲም ገደማ፣ የመጨረሻው 2 ብር ከ48 ሳንቲም ነበር፤ ዘጠኝ እጥፍ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ዋጋው በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። ስለዚህ ከአምናው ጋር የሚነጻጸረው ብሩ ሳይሆን ኪሎ ዋት ሰዓቱ ነው። ለወራት በግምት ሲሞላ የቆየ ፍጆታ በአንድ ንባብ ተጠራቅሞ ከመጣም በአንድ ወር ስሌት ወደ ላይኛው እርከን ሊወጣ ስለሚችል፣ በወራቱ ተከፋፍሎ እንዲሰላ መጠየቅ ተገቢ ነው። በዚህ ሥርዓት ይበልጥ የሚጎዱት በአንድ ግቢ አንድ ቆጣሪ የሚጋሩ ተከራዮች ናቸው። እያንዳንዳቸው ጥቂት ቢጠቀሙም ፍጆታቸው ስለሚደመር ለድሃ ቤተሰብ የታሰበው ዝቅተኛ ዋጋ ያልፋቸዋል። ይህ የተከራዩ ብክነት አይደለም፤ በሰው ብዛት እኩል እየተካፈሉ መክፈሉም በስቶቭ የሚያበስለውን ወጪ አምፖል ብቻ ባለው ላይ ይጭናል። ለየክፍሉ ትንሽ የውስጥ ቆጣሪ ማስገባት ቢያንስ ክፍፍሉን ፍትሐዊ ያደርገዋል።

ቆጣሪ አይሳሳትም ማለት ግን አይደለም። በኔዘርላንድ የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ባደረጉት ሙከራ ከዘጠኝ ዲጂታል ቆጣሪዎች አምስቱ ከእውነተኛው ፍጆታ በጣም የበለጠ መዝግበዋል፤ ትልቁ ልዩነት 582 በመቶ ነበር። ይህ የታየው ግን የብርሃን መጠን መቀነሻና ኤልኢዲ አምፖሎች ኮረንቲውን በሚያዛቡበት የላቦራቶሪ ሁኔታ ነው፤ የምጣድና የማሞቂያ ፍጆታ እንዲህ ዓይነት መዛባት አያመጣም። አሮጌ ባለ ዲስክ ቆጣሪ ደግሞ ሲያረጅ መዞሪያው ስለሚይዘው ብዙውን ጊዜ አሳንሶ ወደ መቁጠር ያደላል። በአዲስ ሲተካ ቢሉ የጨመረበት ሰው አዲሱን ቢከስስም የተሳሳተው የቀድሞው ሊሆን ይችላል። ጥርጣሬው ከጸና የሚያዋጣው ለአንድ ሳምንት በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ንባቡን ከፎቶ ጋር መያዝ፣ ዋትነቱ የሚታወቅ አንድ ዕቃ ብቻውን ለአንድ ሰዓት አሠርቶ ቆጣሪው ስንት እንደጨመረ መጻፍና ይህን አያይዞ ቆጣሪው እንዲፈተሽ ማመልከት ነው። 2 ኪሎ ዋት የሚል ስቶቭ በሰዓት 2 አካባቢ ካስቆጠረ ቆጣሪው ደህና ነው፤ 3 ካስቆጠረ አመልካቹ የሚከራከርበት ቁጥር አግኝቷል።