ፈርሶ የተሠራ ከተማ ጥንታዊ ነውን?

አንድ ጥንታዊ ከተማ ፈርሶ እንደ ነበረ ሆኖ ቢሠራ፣ የተሠራው ጥንታዊ ሊባል ይችላልን? የቃላት ጨዋታ ይመስላል። የፖላንድ ዋና ከተማ የዋርሶ ሰዎች ግን ከልባቸው የተከራከሩበት ጉዳይ ነው።

በ1944 (ዘመኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ሕዝቡ በናዚ ጦር ላይ ተነሣ። አመፁ ከከሸፈ በኋላ ጀርመኖች ከተማይቱን ሰፈር በሰፈር እየዞሩ በእሳትና በድማሚት አወደሟት። ‹‹የድሮ ከተማ›› የሚባለው ሰፈር ከመቶ 85 እጅ በላይ ፍርስራሽ ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ በዘመናዊ ሕንፃ ይተካ ያሉ ነበሩ፤ ያሸነፈው ግን እንደ ነበረው ይሠራ የሚለው ሐሳብ ነው።

ታዲያ ምን አይተው ሠሩት? ለእኛ ለሠልጣኞች ደስ የሚለው እዚህ ላይ ነው። ከጦርነቱ በፊት የዋርሶ ፖሊቴክኒክ የአርክቴክቸር ተማሪዎች ለትምህርታቸው ሲሉ ቤቶቹን እየለኩ ነድፈው ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ንድፎቹ ከከተማይቱ ወጥተው በአንድ ገዳም ተደበቁ። የቤት ሥራ እያልን የምናጣጥለው ነገር ለአንድ ከተማ ማስረጃ ሆነ ማለት ነው!

ሌላው ምንጭ ካናሌቶ እየተባለ የሚጠራው በርናርዶ ቤሎቶ በ18ኛው መቶ ዘመን የሣላቸው ሥዕሎች ናቸው። ሠዓሊ ደግሞ ሠዓሊ ነው፤ አንዳንዱን ቤት አሳምሮ ሥሎታል። ስለዚህ ከጦርነቱ በፊት የነበረውን ሳይሆን ሥዕሉን የሚመስል ቤት ተሠራ። ብዙው ቤት ፊቱ የጥንት ይሁን እንጂ ውስጡ አዲስ አፓርታማ ነው። የቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራልም የ19ኛው መቶ ዘመን ፊቱ ቀርቶ በሌላ መልክ ቆመ። ‹‹እንደ ነበረ›› የሚለው ቃል ስንቱን ምርጫ ይሸፍናል!

ያም ሆኖ ዩኔስኮ በ1980 በዓለም ቅርስነት መዘገበው። የመዘገበው እንደገና የመሥራቱ ሥራ ራሱ ታሪክ ስለሆነ ነው። እኛም በዚህ እንስማማለን፤ ኮፒ የሚነቀፈው ኮፒነቱን ሲደብቅ ነውና።

የተገላቢጦሹ በአገራችን አለ። የጎንደር ግንቦች ድንጋያቸው የ17ኛውና የ18ኛው መቶ ዘመን ነው። ነገር ግን በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሲጠገኑ በኖራ ፈንታ ሲሚንቶ ገባባቸው። ከሩቅ ለሚያይ ምንም አይደል፤ ግን ኖራ እርጥበትን ያስወጣል፣ ሲሚንቶ አፍኖ ይይዘዋል፣ ድንጋዩም ይጎዳል። በኋላ አብዛኛው ሲሚንቶ ተነሥቶ በኖራ ተተክቷል።

እንግዲህ ነገ ተማሪዎች ይዘን ግንብ ስናስጎበኝ፣ ‹‹ስንት ዓመቱ ነው?›› ለሚለን ልጅ አንድ ቁጥር ብቻ መንገር አይበቃም። ወደ ግድግዳው አስጠግተን በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ማያያዣ እናሳየው። ነጣ ያለው ኖራ ነው፤ ግራጫው ሲሚንቶ።