ቃጫው ስንት ይሸከማል?

ከሀዋሳ ወጣ ብሎ ወደ ሲዳማ ገጠር የዘለቀ ሰው፣ እናቶች የእንሰትን አካል በሳንቃ ላይ አጋድመው በቀርከሃ ሲፍቁ ማየቱ አይቀርም። ተፍቆ የሚወርደው ለስላሳ ክፍል ለቆጮ ይሆናል፤ ሳንቃው ላይ የሚቀረው ረጅም ክር ደግሞ ቃጫ ነው። ገመድ ይገመድበታል፣ ጆንያና ምንጣፍ ይሠራበታል። ቃጫ ጠንካራ መሆኑን ለማወቅ ማንም ቤተ ሙከራ መምጣት አላስፈለገውም። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም ቃጫው በፖሊስተር ሬዚን ውስጥ ተቀብሮ ሲደርቅ የሚገኘው ገበታ ስንት ይሸከማል? የሚል ነው።

ባሕርያቸው የተለያየ ሁለት ነገሮች ተጣምረው አንዱ የሌላውን ድካም ሲሸፍን ጥምር ቁስ ወይም ኮምፖዚት ይባላል። ጭድ የተቀላቀለበት የጭቃ ግድግዳ የዚሁ ዘመድ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787ም በክብደቱ ግማሽ ያህሉ ጥምር ቁስ ነው። የዚህ ዓይነቱ አውሮፕላን ክንፍ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲፈተን፣ በሥራ ላይ ሊገጥመው ከሚችለው ከፍተኛ ጭነት አንድ ተኩል እጥፍ ተጭኖበት 7.6 ሜትር ያህል ወደ ላይ ጎብጧል። እኛ ክንፍ አንሠራም። የምናስበው ኮርኒስና የበር ገበታ ነው፤ ሆኖም ከኮርኒስ በታችም ሰው ይተኛል።

ፈተናው ሲነገር ቀላል ነው። ክሮቹ በየአቅጣጫው ከተበተኑበት ገበታ 250 ሚሊ ሜትር ርዝመት፣ 25 ሚሊ ሜትር ስፋትና 2.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ ይቆረጣል፤ ሁለቱ ጫፎቹ በማሽኑ መንጋጋዎች ተይዘው እስኪበጠስ ድረስ ቀስ እያለ ይሳባል። ለምሳሌ በ3,125 ኒውተን ቢበጠስ፣ ይህን ለ62.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ስናካፍል 50 ሜጋፓስካል እናገኛለን። ሒሳቡ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሒሳብ ነው።

ችግሩ ያለው መንጋጋው ዘንድ ነው። አጥብቀን ስንይዘው ቁራጩ እዚያው ይደቅና ይሰበራል፤ ስናላላው ይንሸራተታል። ጫፎቹ ላይ ሌላ ቁራጭ ለጥፈን ስናጠናክራቸው እንኳ አንዳንዱ ከመንጋጋው ሥር ይበጠሳል። እንዲህ ያለው ቁጥር የመያዣውን ጭካኔ እንጂ የቁሱን ጥንካሬ አይነግረንም። አንድ ተማሪያችን ከአምስት ቁራጮች ሦስቱ ከመያዣው ሥር ተሰብረውበት፣ ውጤቱን መጣል እንዳለበት ስንነግረው የወር ልፋቱን የነጠቅነው ያህል አዘነ። አምስቱንም ደግሞ ሠራ። ከአምስቱ ትልቁን ብቻ መርጦ ማቅረብም ያው ማታለል ነው፤ በዚህ ረገድ የሙያ ባልደረቦቻችን ሁሉ ንጹሐን ነን ለማለት አንደፍርም።

የተሰበረውን ገጽ በማጉያ መነጽር ስናይ ደግሞ ሌላ ነገር ይገለጣል። ክሮቹ ሳይበጠሱ፣ ሬዚን እንኳ ሳይጣበቅባቸው ከጎሬያቸው ወጥተው እንደ ብሩሽ ቆመው ይታያሉ። ቃጫው አልደከመም፤ የተለያየው ትዳሩ ነው። ምክንያቱም የእጽዋት ክር የተገነባበት ሴሉሎስ ውኃን ይወዳል፣ ፖሊስተር ግን ይሸሻል። በመሆኑም ክሩ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውህድ ይታጠባል፤ ገጹን የሸፈነው ሙጫ መሰል ነገር ይነሣና ሬዚኑ የሚይዘው ሻካራ ስፍራ ያገኛል። ውህዱ ከበረታ ግን ሴሉሎሱን ራሱን ይበላዋል።

ውኃ ወዳድነቱ በዚህ አያበቃም። ቃጫ ከአየሩ እርጥበት ስለሚጠጣ፣ በጥር የተፈተነና በሐምሌ የተፈተነ ገበታ አንድ ናቸው ማለት አይቻልም። የመስታወት ክር ይህ ጠባይ የለበትም፤ በአንጻሩ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 2.5 ግራም ያህል ሲመዝን፣ የእጽዋት ክር 1.5 ግራም ገደማ ነው።

የመስታወት ክር ከፋብሪካ ስለሚወጣ አንዱ ጥቅል ከሌላው እምብዛም አይለይም። ቃጫ ግን የእንሰቱ ዕድሜ፣ ዝርያውና የፋቂዋ እጅ ይለዋውጡታል፤ ቀርከሃው በርትቶ ያረፈበት ክር ገና ሬዚን ሳይነካው ቆስሏል። ስለዚህ ከገበያ በጅምላ መግዛት ትተን፣ በየእስሩ ላይ የእንሰቱን ዕድሜና የተፋቀበትን ቀን የሚገልጽ ወረቀት ማሰር ጀምረናል። ወረቀቱን የሚያስሞሉን ፋቂዎቹ እናቶች ናቸው፤ የትኛው ቃጫ ቶሎ እንደሚበጠስ ገና ማሽኑ ሳይነሣ በጣታቸው ዳብሰው ይነግሩናል፤ እኛም የተናገሩትን ከማሽኑ ቁጥር ጎን እንመዘግባለን።