የቅጠል መዝገብ ቤት

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



በመሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ አንድ ደንብ ተሻሻለ የሚባለው አዲሱ ቃል በተጻፈበት ቀን አይደለም። ግልባጩ ለየክፍሉ ደርሶ፥ አሮጌው ቅጂ ከየመዝገቡ ወጥቶ፥ ሁሉም በአዲሱ መሥራት ሲጀምር ነው። አንድ አሮጌ ቅጂ በቁም ሣጥን ውስጥ ተረስቶ ቢቀር፥ ከዓመት በኋላ የሚመጣ ጸሐፊ ያንኑ አውጥቶ ይሠራበታል። ዛሬ የምንነጋገርበት ሥራ፥ ነገሩ የቅጠል ቢሆንም፥ ችግሩ ከዚሁ ጋር አንድ ነው።

ቅጠል አረንጓዴ የሚሆነው ክሎሮፕላስት የሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች በየሕዋሱ ውስጥ ስላሉበት ነው። እነዚህም በፀሐይ ብርሃን ኃይል ውሃንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን አዋሕደው ስኳር የሚያዘጋጁ የተክሉ ማዕድ ቤቶች ናቸው። የሚያስደንቀው ግን ክሎሮፕላስት ከሕዋሱ አስኳል የተለየ የራሱ የዘር ጽሑፍ ያለው መሆኑ ነው። ይኸውም በጥንት ዘመን ለብቻው ይኖር የነበረ ሳያኖባክቴሪያ የተባለ ፍጥረት በሌላ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ በመቅረቱና ከዘመን ብዛት የክሎሮፕላስት ቅድመ አያት በመሆኑ ነው። የጃፓን ሊቃውንት በ1986 ዓ.ም. (በዚህ ንግግር ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የትምባሆን የክሎሮፕላስት ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር አንብበው፥ 156,000 ያህል ፊደላት እንዳሉት አስታወቁ። በአንድ የቅጠል ሕዋስ ውስጥ የሚገኘው ቅጂ ሲደመር እስከ 10,000 ሊደርስ ይችላል።

ታዲያ ይህን ያህል ቅጂ ያለውን ጽሑፍ እንዴት ማሻሻል ይቻላል? መንገዱ በ1988 በአንድ ሕዋሴ አልጌ ላይ ተከፈተ፤ በ1990 ደግሞ ዞራ ስቫብና ፓል ማሊጋ ከባልደረባቸው ጋር በአሜሪካ በራትገርስ ዩኒቨርሲቲ በትምባሆ ላይ ፈጸሙት። አዲሱን ዘረመል በደቃቅ የብረታ ብረት ብናኝ ላይ ቀብተው በልዩ መሣሪያ ወደ ቅጠሉ ይተኩሱታል። የአዲሱ ጽሑፍ ግራና ቀኝ ከነባሩ ጋር እንዲመሳሰል ሆኖ ስለሚዘጋጅ፥ ክሎሮፕላስቱ ተመሳሳዩን ስፍራ አግኝቶ ይገጥመዋል። ነገር ግን በመጀመሪያ የሚለወጡት ጥቂት ቅጂዎች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ስፔክቲኖማይሲን የተባለውን መድኃኒት የሚቋቋም ዘረመል አብረው ያስገቡና፥ ቅጠሉን መድኃኒቱ ባለበት ምግብ ላይ ያሳድጉታል። አሮጌውን ጽሑፍ የያዘው ክፍል ይነጣል፤ አዲሱን የያዘው አረንጓዴ ሆኖ ይበዛል። ከአረንጓዴው ቆርጠው ደግመው ያበቅላሉ፤ አሮጌ ቅጂ እስኪጠፋም ድረስ ይመላለሱበታል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ጥቅም ነው? በ2015 በጀርመን አገር የሚገኙ የማክስ ፕላንክ ተቋማት ሊቃውንት፥ የኮሎራዶ ጥንዚዛን ለሕይወቱ የሚያስፈልገውን ዘረመል የሚያፍን ድርብ አር.ኤን.ኤ. በድንች ክሎሮፕላስት ውስጥ እንዲዘጋጅ አደረጉ። ይህ ነገር በሌላው የሕዋስ ክፍል ቢሠራ ተክሉ ራሱ ይቆራርጠው ነበር፤ በክሎሮፕላስት ውስጥ ግን ሳይቆራረጥ ስለሚቆይ፥ ቅጠሉን የበሉት እጮች ሞቱ። በ2016 ደግሞ በዚያው አገር ለአርቴሚሲኒን መነሻ የሚሆነውን አሲድ በትምባሆ ቅጠል አስገኙ። አርቴሚሲኒን በአገራችንም ለወባ ሕክምና የሚሰጡት መድኃኒቶች የሚዘጋጁበት ነው፤ የተፈጥሮው ተክል የሚያወጣው ግን ጥቂት ነው። ሆኖም የተገኘው መነሻው እንጂ መድኃኒቱ ራሱ እንዳልሆነ ልብ ማለት ይገባል።

ሌላም ጥቅም አለ። በብዙዎቹ ሰብሎች ክሎሮፕላስት የሚወረሰው ከእናት ወገን ስለሆነ፥ የተለወጠው ዘረመል በአበባ ብናኝ ተጉዞ ወደ ጎረቤት ማሳ የሚሻገረው እጅግ ጥቂት ጊዜ ነው። ዘሩ ግን በከረጢትም በገበያም ይሄዳልና፥ ይህ ባሕርይ ጥበቃን ያቃልላል እንጂ ሕግንና ተቆጣጣሪን አያስቀርም።

ስንዴና በቆሎን በመሰሉ እህሎች ዘዴው እንደ ትምባሆው አልቀለለም። ከቅጠላቸው አዲስ ተክል ማብቀል ያስቸግራል፤ ብዙዎቹም ስፔክቲኖማይሲንን በተፈጥሮ ስለሚቋቋሙ አሮጌውን ከአዲሱ መለየት አዳጋች ነው። ጤፍም የዚሁ የሣር ወገን ስለሆነ፥ በትምባሆ የተገኘውን ውጤት በቀጥታ ወደ ጤፍ ማሳ አሻግሮ ተስፋ መስጠት ችኮላ ይሆናል።

እንግዲህ፥ አድማጮች ሆይ፥ ስለዚህ ጥበብ አዲስ ወሬ በሰማችሁ ጊዜ አራት ነገር ጠይቁ። ሥራው በየትኛው ተክል ላይ ተሠራ? ቅጂው ሁሉ ተለውጧልን? ለውጡ ወደ ልጅ ልጅ ተላልፏልን? የታየውስ በመስተዋት ቤት ነው ወይስ በማሳ? መልሱ ያልተሟላ እንደ ሆነ፥ ደንቡ ገና ተረቀቀ እንጂ ለየክፍሉ አልደረሰም ማለት ነው።